ዲግሪ በመቆለፍ ሠራተኛ አይቆይም፦ ለባንካችን ቦርድና አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለባንካችን የዳይሬክተሮች ቦርድ አባላት
ለዋና ሥራ አስፈጻሚው
ለሰው ሀብት ዘርፍ ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ወጣት ሠራተኞችን በሚመለከት የወጣው ሰርኩላር (የውስጥ መመሪያ ደብዳቤ) እንዲታረም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላትና የሥራ ኃላፊዎች፣

መርካቶ ካሉት ቅርንጫፎቻችን አንዱን የምመራ ሰው ነኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ብሆንም ሌሎች ስድስት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች አንብበውታል፣ አርመውታል፣ የኛም ነው ብለውታል። የባንኩን ስም አልጠቀስንም። የምንፈልገው ነገሩ እንዲስተካከል ነው። በውስጥ መስመር ሦስት ጊዜ ጽፈናል። ሦስቱም መልስ አላገኙም።

ባለፈው ወር የደረሰን ሰርኩላር አራት ነገር ያዛል። አዲስ የሚቀጠር ልጅ ሦስት ዓመት ለመሥራት ይፈርማል፤ ኦሪጅናል ዲግሪው ሰው ሀብት ዘርፍ ዘንድ ይቀመጣል፤ ቀድሞ ከለቀቀ የስድስት ወር ደመወዙን ይከፍላል። መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ ሁሉ በየወሩ አዲስ ሂሳብ ይከፍታል፣ ተቀማጭ ያመጣል፤ ካላመጣ ኢንክሪመንት፣ ማለትም የዓመት ደመወዝ ጭማሪ፣ የለውም። ስልክ ጠዋት መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ሠራተኛ የለቀቀበት ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ከራሱ ውጤት ነጥብ ይቀነስበታል። መግቢያው ላይ ምክንያቱ ተጽፏል። የዘንድሮ ወጣት ለተቋሙ ፍቅር የለውም፣ ትዕግሥትም የለውም ነው ነገሩ።

ይህን ስናነብ ዝም ማለት አቃተን። ልጆቹን በየቀኑ የምናያቸው እኛ ነንና።

በ2016 ዓ.ም. ከኔ ቅርንጫፍ አምስት ልጆች ለቀቁ። መስኮት ላይ የነበሩት አሥራ አንድ ናቸው። ግማሽ ያህሉ ሄዱ ማለት ነው። እውነቱን ልናገር፤ ያኔ እኔም ሰርኩላሩን ያረቀቀው ሰው የሚያስበውን ነበር የማስበው። ሺህ ብር ጭማሪ ካዩ ይዘላሉ እል ነበር። አምስተኛው ሲለቅ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በየተራ ደወልኩላቸው። ማኪያቶ እየጠጣን አወራን። ከለቀቁ በኋላ ስለሆነ የሚፈሩት ነገር አልነበረም። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድም ሰው ለምን ለቀቃችሁ ብሎ እንዳልጠየቃቸው ያኔ ነው ያወቅኩት። ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለባቸው የሚያሳየውን ወረቀት፣ ሲያዞሩ ዘጠኝ ቦታ ተፈርሞላቸዋል። ዘጠኙም ቦታ የተጠየቁት ዕዳ እንዳለባቸው ነው። ምን ሆናችሁ ነው ያላቸው የለም።

ከአምስቱ ደመወዝን መጀመሪያ ያነሳ አልነበረም። ደመወዝ አያሳስባቸውም ማለቴ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የወር ወጪያቸው እንዴት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ብድር የሚጠይቁት እኔን ነው። ግን ደመወዝ የመጣው በወሬያችን መሐል ነው። መጀመሪያ ያወሩት ሌላ ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ከነሱ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ከሁሉ በፊት የታማኝነቱን ነገር ላንሳ። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ከመንግሥት ባንክ የመጣችሁ ናችሁ። እኔም እንደዚያው። በ1967 ባንኮች በመንግሥት ከተወረሱ ጀምሮ ባንክ ማለት የመንግሥት ባንክ ብቻ ነበር። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ባንክ ሲፈቀድ፣ አዲሶቹ ባንኮች የሰለጠነ ሰው ከየት አመጡ? ከዚያው ከመንግሥት ባንክ ነው። ወጣት ነበርን። የተሻለ ደመወዝና የተሻለ ወንበር አየን፤ ለቀን መጣን። እኔ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለቅ ደመወዜ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ። እናቴ ደስ ብሏት ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። ከሃዲ ያለኝ ሰው አልነበረም። ዲግሪዬንም የያዘብኝ የለም። ታዲያ እኛ ያደረግነውን ልጆቻችንን በሚያህሉ ወጣቶች ላይ ጥፋት አድርገን መጻፍ እንዴት ይሆንልናል?

ሥራ አይወዱም ለሚለውም መልስ አለኝ። መስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር የት ነበራችሁ? እኔ መርካቶ ነበርኩ። ሕዝቡ አሮጌውን ብር እንዲቀይር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው። ብር በማዳበሪያ ይመጣ ነበር። በርበሬ በርበሬ የሚሸት፣ ዘይት የጠጣ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሻገተ ብር። ማሽኑ የተጣበቀውን አይቀበልም። በእጅ ነው የሚቆጠረው። ጊዜው የኮቪድ ነው፤ አፋቸውን በማስክ ሸፍነው ሦስት ወር ሙሉ ቆጠሩ። የ23 እና የ24 ዓመት ልጆች ነበሩ። የአንዷ የጣቷ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ፕላስተር ጠቅልላ ስትቆጥር አይቻለሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ሳይሆን የወጣ አልነበረም። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ቴሌብር ሲጀመር ደግሞ ነጋዴው በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ማን ያስተምረን ብሎ መጣ። የኛን ሞባይል ባንኪንግ አብረው ያስተማሩት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አባቶች ሱቃቸው ድረስ እየጠሯቸው። በዓመቱ ሪፖርት ላይ የተቀማጩ ዕድገት በቀለም ታተመ። ለልጆቹ የመጣ የምስጋና ወረቀት ግን የለም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር የሚበቃቸው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን ልግባ።

የመጀመሪያው የገንዘብ ጉድለት ጉዳይ ነው። ይህን በአንድ ታሪክ ብነግራችሁ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት አርብ ቀን ነው፤ የወር መጨረሻ። መስኮት ከተዘጋ በኋላ ሁሉም ባላንስ እያደረገ፣ የቀኑን ሂሳብ ከጥሬ ገንዘቡ ጋር እያስታረቀ ነው። አንዷ ልጅ ሦስቴ ቆጠረች። አራተኛ ጊዜ ስትቆጥር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወደ ቢሮዬ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ሃያ ሺህ ብር ጎደለኝ» አለችኝ። ሃያ ሺህ ማለት አንድ እስር ባለ 200 ብር ነው፤ መቶ ኖት። ለሆነ ደንበኛ አንድ እስር አብልጣ ከፍላለች ማለት ነው። ከጓደኞቿ ጋር ሆነን እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ወረቀት በወረቀት ፈተሽን። አልተገኘም። ካሜራው እንዲታይ በዚያው ምሽት ጻፍኩ። ካሜራውን የማየት ሥልጣን የኔ አይደለም፤ የዋናው መሥሪያ ቤት ነው። መልሱ የመጣው በ11ኛው ቀን ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዋ ግን በሦስተኛው ቀን ደርሷል። ገንዘቡ በሁለት ወር ከደመወዟ እንዲቆረጥም ታዘዘ።

ልጅቷ እጇ ላይ የሚደርሰው 12,000 ብር አይሞላም። በወር 10,000 ተቆረጠባት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ የወር ደመወዝ የሚቀነሰው በጠቅላላ ከሲሶው እንዳይበልጥ ይላል። ይህን ጠቅሼ ጻፍኩ። የውስጥ መመሪያችን ነው ተባልኩ። የውስጥ መመሪያ ከአዋጅ በላይ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ጓደኞቿ እያንዳንዳቸው ከሌላት ደመወዛቸው አዋጥተው የዚያን ወር የቤት ኪራይ ከፈሉላት። ማን ስንት እንዳዋጣ እንዳታውቅ በፖስታ አድርገው ነው የሰጧት። ለተቋሙ ፍቅር የላቸውም የተባሉት እነዚህ ናቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የጣቃ ነጋዴ የሂሳብ ሠራተኛውን ይዞ መጣ። ሂሳባቸውን ሲዘጉ አንድ እስር በልጦባቸዋል። ያንኑ እስር፣ ላስቲኩ ሳይፈታ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ልጅቷን ጠራኋት። ብሩን አየችው። አንድም ቃል አልተናገረችም። መስኮቷ ላይ ሰው ተሰልፎ ስለነበር ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች።

የተቆረጠው ገንዘብ የተመለሰላት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን ከፋይሏ አልወጣም። እንዲነሳ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። የዓመቱ ግምገማ ሲሞላ በዚያ ማስጠንቀቂያ ምክንያት ነጥብ ተቀነሰባት፤ ኢንክሪመንቷም ቀረ። ሰኔ ላይ ለቀቀች። አሁን የምትሠራው ከኛ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለ ሌላ ባንክ ነው። የጣቃ ነጋዴው ሂሳቡን ወደዚያ አዛውሯል። እሷን ተከትሎ መሆኑን ራሱ ነግሮኛል።

ካሸር አይጠየቅ አላልንም። ገንዘብ አደራ ነው፤ ይህን መጀመሪያ የምናስተምራቸው እኛ ነን። የምንለው ሳይጣራ አይፈረድ፣ ሲጣራ ደግሞ የተፈረደው ይነሳ ነው። አንድ ሰው «ይቅርታ» ብሎ ቢጽፍላት ኖሮ ዛሬም እኛ ጋር ትሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ታርጌት ነው፤ በየወሩ አምጡ የሚባለው የሂሳብና የተቀማጭ መጠን።

የጥሬ ገንዘብ እጥረት ባንኮችን እንዳስጨነቀ እናውቃለን። ተቀማጭ ማምጣት ያስፈልጋል። እኔም ነጋዴ ዘንድ እየሄድኩ እለምናለሁ፤ ሥራዬ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ቆማ ገንዘብ ስትቆጥር የምትውል ልጅ ግን መቼ ወጥታ ታምጣ? በምሳ ሰዓቷ ፎርም ይዛ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች። ነጋዴው፣ «ልጄ፣ ጠዋት የሌላ ባንክ ልጆች መጥተው ነበር፤ ትናንትም የናንተዋ መጥታለች» ይላታል። አፍራ ትመለሳለች። ምሳዋን ሳትበላ መስኮቷን ትከፍታለች።

ከዚያ ወደ ዘመድ ነው የሚኬደው። አክስት፣ የአክስት ባል፣ የጓደኛ ወንድም። አንዱ ልጅ በሦስተኛው ወር መጥቶ «ጋሼ፣ የማውቀው ሰው አለቀብኝ» አለኝ። አሁን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እናንተም ታውቃላችሁ። በ28 እና በ29 ከዕቁብ፣ ከዘመድ ገንዘብ ይለመናል። ወር ሲዘጋ ሂሳብ ውስጥ ይታያል። አዲሱ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ይወጣል። 50 ብር ገብቶበት ዳግም ያልተንቀሳቀሰ ሂሳብ በኔ ቅርንጫፍ ብቻ ስንት እንዳለ ብታዩ ታዝናላችሁ። ለባንኩ የሚጨምርለት ነገር የለም። ለልጆቹ ግን የመጀመሪያ ትምህርታቸው ይሆናል፤ ዋናው ነገር ቁጥር ማሳየት እንጂ እውነት መሥራት አይደለም ብለን እኛው እያስተማርናቸው ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በታርጌት የሚመዘነው የልጁ ሥራ ሳይሆን የቤተሰቡ ኪስ ነው። ቅርንጫፌ ውስጥ አባቷ ወሎ ገበሬ የሆነች ልጅ አለች። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ባላንሷ አልተዛባም። ደንበኛ እሷ ያለችበትን መስኮት መርጦ ይሰለፋል። አጠገቧ የሚሠራው ልጅ አጎቱ አስመጪ ነው። አጎቱ በአንድ ቀን አምስት ሚሊዮን አስገባለት። ልጁ መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ራሱም አፍሯል። ግምገማው ሲመጣ እሱ አንደኛ ወጣ፤ እሷ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ሆነች። ውጤቷን የነገርኳት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ምን ላሻሽል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አጎት ፈልጊ ልበላት?

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ሕጉ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ከዚያ በላይ ከሆነ በሥራ ቀን እስከ ማታ አራት ሰዓት ድረስ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በእረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። እኛ ጋ ባላንስ እስኪመጣ መቆየት የሥራው ጠባይ ነው ተብሎ ትርፍ ሰዓት አይባልም። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመርካቶ ተነስታ አራብሳ የምትገባ ልጅ መንገድ ላይ የምታሳልፈውን አስቡት። ትርፍ ሰዓቱን ስትጠይቅ ገና ከመምጣቷ ገንዘብ ታስባለች ይባላል። የሠራችበትን ነው የጠየቀችው።

አንድ ልጅ በየቀኑ ያረፍድ ነበር። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ፣ ብዙ ጊዜ በቃል ገሠጽኩት። አንድ ቀን ለብቻው ቁጭ አድርጌ ጠየቅኩት። ኮዬ ፈጬ ነው የሚኖረው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ይሰለፋል፤ ትራንስፖርት የሚያገኘው እንደ ዕድሉ ነው። ጠዋት ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ እንዲገባ፣ ማታ ደግሞ ካዝና እስኪዘጋ እንዲቆይ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላረፈደም። ማታ ካዝና ሲዘጋ ከሱ የተሻለ ሰው የለኝም። አንድ ዓመት ሙሉ የጮህኩበት ነገር በአሥር ደቂቃ ንግግር አለቀ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ለሰው ሀብት ዘርፍ ሳሳውቅ ግን የመግቢያ ሰዓት በቅርንጫፍ ደረጃ አይለወጥም የሚል መልስ መጣ። እስካሁን በራሴ ኃላፊነት ነው የያዝኩት።

አራተኛው «ለምን» የሚለው ቃል ነው። እኛ ያደግንበት ቤት ትልቅ ሲናገር ትንሽ ያዳምጣል። መልካም ነገር አለው፤ አልክድም። እነዚህ ልጆች ግን ይጠይቃሉ። ከአምስቱ አንዷ፣ ለአንድ ሂሳብ መክፈቻ ለምን ሦስት መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ነገር እንጽፋለን ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረኝም። ድሮም እንደዚህ ነው አልኳት። ቤቷ ሄዳ ሁለት ገጽ ሐሳብ ጽፋ መጣች። ሦስቱን መዝገብ ወደ አንድ አምጥታ ከአንድ ደንበኛ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚተርፍ በሰዓት ለክታ ጭምር። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁት። አምስት ወር ጠበቀች። ደርሶናል የሚል ወረቀት እንኳ አልመጣም። ማኪያቶ ስንጠጣ የነገረችኝ ይህን ነው። «ቢከለክሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ አንብበው እምቢ ቢሉኝ እማርበታለሁ» አለችኝ። አሁን ባለችበት መሥሪያ ቤት የአሠራር ማሻሻያ ቡድን ውስጥ ናት።

ከዚሁ ጋር የአነጋገር ነገር አለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ለምርመራ የሚመጡ ሰዎች ደንበኛ በተሰለፈበት «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ» ብለው ይጠራሉ። በዕድሜ ትልልቆች ናቸው፤ ቤታቸው ቢሆን ችግር የለውም። መስኮት ላይ ግን ልጅቷ ባንኩ ናት። ደንበኛው «እርስዎ» እያለ የሚያናግራትን ሰው አለቃዋ በሰው ፊት ሲያዋርዳት ደንበኛውም ይማራል። ይህን ለማስተካከል ገንዘብ አያስፈልግም።

ስለ ስልኩ ብዙ አልልም። ሞባይል ባንኪንግ አስተምሩ ብለን ስልካቸውን መቆለፍ አብሮ አይሄድም። ደንበኛው የምስጢር ቁጥር አልመጣልኝም ሲል በራሳቸው ስልክ ነው የሚያሳዩት። ጨዋታ የሚጫወት ካለ እኔ አለሁ፤ እነግረዋለሁ። በየቅርንጫፉ ለቅቀው በሚሄዱ ሠራተኞች ምክንያት የሥራ አስኪያጅ ነጥብ ይቀነስ የተባለውም የሚያመጣው አንድ ነገር ነው። መልቀቂያ የምንቀበል ሰዎች መቀበል እንፈራለን፤ ልጆቹን በልመናና በማስፈራራት እንይዛለን። የለቀቀውን ቁጥር ይቀንሳል፤ ችግሩን ግን ይደብቃል።

የዲግሪውን ጉዳይ በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው። ሕጉ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲለቅ ይፈቅድለታል። ሲለቅም የሥራ ልምድ ማስረጃ ይገባዋል። ባንኩ ውጭ ልኮ ወይም ከፍተኛ ወጪ አውጥቶ ያሰለጠነው ሰው ቢኖር ስለ ወጪው መነጋገር ይቻላል። እኛ የምንሰጠው ሥልጠና ግን አዲሱን ልጅ ከነባሩ አጠገብ ሁለት ሳምንት ማስቀመጥ ነው። ለዚህ የስድስት ወር ደመወዝ ቅጣት አይገባም። ደግሞስ ማን ይፈርማል? ሌላ አማራጭ ያለው ጎበዝ ልጅ አይፈርምም። የሚፈርመው ቢፈርምም አካሉ እዚህ፣ ልቡ ውጭ ሆኖ ሦስት ዓመት ይቆጥራል። ያን ዓይነት ሠራተኛ መስኮት ላይ አስቀምጦ ደንበኛ ማርካት አይቻልም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ በር ከፍቷል። ሲመጡ መጀመሪያ የሚፈልጉት አገሩን፣ ቋንቋውንና ቴክኖሎጂውን የሚያውቁ እነዚህን ልጆች ነው።

በ2017 እኔ በሥልጣኔ ሥር ያለውን ነገር ለወጥኩ። በር ከመከፈቱ በፊት ሩብ ሰዓት ቡና እየጠጣን እንነጋገራለን። ትናንት ጥሩ የሠራ ሰው ስሙ በዚያው ጠዋት ይነሳል። ያጠፋ ካለ ለብቻው ይነገረዋል፤ በሰው ፊት አይነሳም። አርብ ከሰዓት አንድ ልጅ በተራው ብድር ክፍል ወይም የውጭ ምንዛሪ ክፍል ተቀምጦ ይማራል። ማስተርስ በማታ የሚማሩ ሁለት ልጆች አሉ፤ ክፍል ባላቸው ቀን በሰዓቱ ይወጣሉ፤ ጓደኞቻቸው ይሸፍኑላቸዋል፤ እነሱም በሌላው ቀን ይተካሉ። ይህን ተራ ያወጡት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፤ እኔ ፊርማዬን ብቻ ነው ያኖርኩት። ለዚህ ሁሉ የወጣው የቡናና የስኳር ነው። በዚያ ዓመት የለቀቀች አንዲት ልጅ ናት። ሃያ ሺህ ብሩ የጎደለባት። የሷ ጉዳይ ከኔ ሥልጣን በላይ ነበር። ደብዳቤውን ለናንተ የጻፍነውም በዚህ ምክንያት ነው። የቀረው በናንተ እጅ ያለ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የዲግሪ መያዣውና የሦስት ዓመት ውሉ ይሰረዝ፤ እስካሁን የተወሰዱ ዲግሪዎችም ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ። ለቅርንጫፎቻችን ከተቀጠሩት መካከል አራት ልጆች ዲግሪያቸውን አስረክበዋል።

የገንዘብ ጉድለት ሲያጋጥም ካሜራው በ48 ሰዓት ውስጥ ይታይ። ማጣራቱ ሳያልቅ ማስጠንቀቂያ አይጻፍ፣ ደመወዝ አይቆረጥ። የሚቆረጥ ካለም ሕጉ ካስቀመጠው ሲሶ አይለፍ። ገንዘቡ ሲገኝ ማስጠንቀቂያው ከፋይል ይውጣ፤ ለሠራተኛውም በጽሑፍ ይነገረው። ከላይ የጠቀስኳት ልጅ ብትለቅም ይህ ደብዳቤ ይገባታል። ለሷ እንዲጻፍላት በተለይ እንጠይቃለን።

የተቀማጭ ታርጌት የቅርንጫፉ ይሁን፤ ተጠያቂዎቹም እኛ ሥራ አስኪያጆች እንሁን። መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ በባላንሱ፣ በፍጥነቱና በደንበኛ አያያዙ ይመዘን። የዘንድሮው ግምገማ በዚህ መሠረት እንደገና ይታይ።

ከስምንት ሰዓት በላይ የተሠራ ይመዝገብ፣ ይከፈል። የመግቢያና የመውጫ ሰዓትን በጠባብ ገደብ የማስተካከል ሥልጣን ለቅርንጫፍ ይሰጥ።

ሠራተኛ የሥራ ሐሳብ ሲያቀርብ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ያግኝ፤ እምቢም ቢሆን ከነምክንያቱ። የሚለቅን ሠራተኛ ደግሞ ከክሊራንሱ በፊት ለምን እንደሚለቅ የሚጠይቅ ሰው ይመደብ። የተናገረውም በኋላ እንቅፋት እንዳይሆንበት ይጠበቅ።

የስልክ መሳቢያውና የሥራ አስኪያጆች የነጥብ ቅነሳ ይቅር።

በመጨረሻ፣ ይህን ጉዳይ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላችሁ እንድታዩት እንጠይቃለን። ከየቅርንጫፉ አንድ ወጣት ሠራተኛ ይዘን እንመጣለን። ልጆቹ ሲናገሩ እኛም እናንተም ዝም ብለን እንስማ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ቢሆን ሁላችንም እንደርሳለን። ወር መዝጊያው ሳምንት ብቻ ይለፈን።

ከአክብሮት ጋር

የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ መርካቶ
ስለ ራሱና ስለ ስድስት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች